ማነቆው የት ነው? የከፍተኛ ፍሰት ስሌትና የአቅርቦት መንገዶች

ማዳበሪያ ሲዘገይ ወይም የእርዳታ ስንዴ ወደብ ላይ ሲከማች ከኃላፊዎች የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ተጨማሪ የጭነት ተሽከርካሪ እናሰማራለን። መልሱ አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ከመርከቡ ሆድ እስከ ገበሬው ማኅበር መጋዘን ካለው ረጅም ጉዞ ውስጥ ለዓይን የቀረበውን ክፍል ብቻ አይቶ የተሰጠ ነው። ተሽከርካሪ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ካሜራ ይቀርጸዋል፤ መጋዘን በር ላይ አራት ቀን የቆመ ተሳቢ ግን ዜና አይሆንም። ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው በቀን ስንት ቶን ማለፍ ይችላል፣ የሚያግደውስ ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ በሥርዓት የሚመልስ የሒሳብ ዘርፍ ከተወለደ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የከፍተኛ ፍሰት ስሌት ይባላል። እዚህ ላይ የዘርፉን አመጣጥ፣ ለአቅርቦት ሥራ የሚሰጠውን ጥቅምና የሚነሱበትን ተቃውሞዎች እንቃኛለን። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚከተለው ነው፤ የስሌቱ ዋና ፍሬ «ይህን ያህል ቶን ያልፋል» ከሚለው ቁጥር ይልቅ «የሚያግደው እዚህ ነው፤ ሌላ ቦታ የሚፈሰው ብር አንድ ኩንታል አይጨምርም» የሚለው ማስረጃ ነው። ስለዚህ ከወጪ ስሌትም፣ ከግዥም፣ ከስምሪት ዕቅድም በፊት መቅደም አለበት።

ስሌቱ የሚጀምረው መረብ በመሣል ነው። ወደቡ፣ መገንጠያው፣ ባቡር ጣቢያው፣ መጋዘኑ ነጥብ ይሆናሉ፤ የሚያገናኛቸው መንገድ ወይም ሐዲድ መስመር ይሆናል። ለእያንዳንዱ መስመር በቀን ቢበዛ የሚያሳልፈው መጠን፣ ማለትም አቅሙ፣ ይጻፍለታል። ሕጎቹ ሁለት ናቸው። በአንድ መስመር ላይ ከአቅሙ በላይ አያልፍም፤ ከመነሻውና ከመድረሻው በቀር ደግሞ ወደ አንድ ነጥብ የገባው ሁሉ ከዚያው ይወጣል። አሁን መረቡን በሐሳብ ለሁለት እንክፈለው፤ መነሻው በአንድ ወገን፣ መድረሻው በሌላው ወገን ይሁን። ከመነሻው ወገን ወደ ወዲያኛው የሚሻገሩት መስመሮች አቅም ሲደመር የቁርጡ መጠን ይባላል። ዕቃው ሁሉ ድንበሩን መሻገር ስላለበት ፍሰቱ ከየትኛውም ቁርጥ እንደማይበልጥ ግልጽ ነው። የሚያስገርመው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ከቁርጦች ሁሉ ትንሹ ከከፍተኛው ፍሰት ጋር ምንጊዜም እኩል ነው። ይህ ለሥራ ሰው ትልቅ ነገር ነው። አንድ ዕቅድ አውጪ «በቀን ከ5 ሺህ ቶን በላይ አይቻልም» ቢል አለቃው ማመንም መጠራጠርም አያስፈልገውም። «ቁርጡን አሳየኝ» ይለዋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ቁጥሮችን ደምሮ እውነቱን ያረጋግጣል። በአስተዳደር ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ፣ በእርሳስና በወረቀት የሚመረመር ማስረጃ ብዙ አይገኝም።

ዘርፉ የተወለደው ከባቡር ሐዲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ኤ. ኤን. ቶልስቶይ የተባለ የሶቪየት ባለሙያ (ከደራሲው ጋር አይምታታ) ጨው፣ ሲሚንቶና ሌላ ጭነት በሶቪየት ሐዲዶች ላይ በአጭሩ ርቀት የሚጓጓዝበትን ዘዴ ጽፎ አሳተመ፤ 10 መነሻና 68 መድረሻ ያለውን ጥያቄ በእጅ ሠርቶ ትክክለኛውን መልስ አገኘ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሐዲዶች ሌላ ወገን በሌላ ዓይን አያቸው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1955 በአሜሪካ የራንድ ተቋም ውስጥ ቲ. ኢ. ሃሪስ የተባለ የሒሳብ ሊቅና ጡረተኛው ጄኔራል ኤፍ. ኤስ. ሮስ ከሶቪየት ኅብረት ወደ ምሥራቅ አውሮፓ የሚሄደውን የባቡር መረብ በ44 ነጥቦችና በ105 መስመሮች ወክለው አሰሉት። ከፍተኛው ፍሰት 163 ሺህ ቶን ሆኖ ተገኘ። እነሱን ያሳሰባቸው ግን ቁጥሩ አልነበረም፤ በሥዕሉ ላይ «ማነቆ» ብለው ያሰመሩት ቁርጥ ነበር፣ ምክንያቱም ዓላማቸው መስመሩን በጦርነት ጊዜ የት ቢመቱት እንደሚቆም ማወቅ ነው። ሪፖርቱ በምስጢር ተይዞ ቆይቶ በሆላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ በአሌክሳንደር ሽራይቨር ጥያቄ በ1999 ይፋ ሆነ። ጥያቄውን ከሃሪስ የሰሙት ሌስተር ፎርድና ዴልበርት ፈልከርሰን እዚያው ራንድ ውስጥ ሆነው የፍሰትንና የቁርጥን እኩልነት አረጋገጡ፤ ጽሑፋቸውም በ1956 ታተመ። በዚያው ዓመት ኢላያስ፣ ፋይንስታይንና ሻነን ከመገናኛ ቴክኖሎጂ ተነሥተው እዚያው ውጤት ላይ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የፍጥነት ታሪክ ነው፤ ዲኒትስ በ1970፣ ኤድመንድስና ካርፕ በ1972፣ ጎልድበርግና ታርጃን በ1980ዎቹ አፋጠኑት፤ በ2022 ደግሞ አንድ የተመራማሪዎች ቡድን የስሌቱን ጊዜ ከመረቡ ስፋት ጋር ከሞላ ጎደል በቀጥታ ወደሚመጣጠን ደረጃ አወረደው። ለኮምፒውተር ሳይንስ ታላቅ ዜና ነው። ለአቅርቦት ሥራ ግን ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ የአንድ አገር ዋና የዕቃ መስመር ጥቂት ደርዘን ነጥቦች ያሉት ነውና በ1956ቱ ዘዴም በአንድ ከሰዓት ያልቃል።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይሻላል። ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ መሀል አገር የሚገባውን የስንዴ መስመር እንውሰድ። መንገዱና መገንጠያው የታወቁ ናቸው፤ ቁጥሮቹ ግን ለማሳያ ብቻ የተመረጡ ናቸው፣ ሁሉም በሺህ ቶን በቀን ይቆጠራሉ። መርከቡ በቀን 10 ያራግፋል። ብትን ስንዴ በጆንያ መሞላት ስላለበት የሙሌቱ ማሽን 7 ይችላል። ከዚያ በሁለት በኩል ይወጣል፤ በተሳቢ በገላፊ አድርጎ እስከ ሚሌ 6፣ በባቡር በደወሌ በኩል እስከ አዳማ 2። ሚሌ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ ወደ አዳማ 5፣ በባቲ ወደ ኮምቦልቻ 2 ያሳልፋል። መጨረሻ ላይ የአዳማ መጋዘኖች ጫኝና አውራጅ በቀን 4 ይቀበላል፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1። ከፍተኛው ፍሰት ስንት ነው? 5 ነው፤ ቁርጡም ሁለቱ የመጋዘን በሮች ናቸው። እንግዲህ አንድ መሥሪያ ቤት ተሳቢ ጨምሮ የገላፊን መስመር ከ6 ወደ 8 ቢያሳድገው ፍሰቱ 5 ነው። ሁለተኛ የሙሌት ማሽን ቢገዛም 5 ነው። ሐዲዱን በእጥፍ ቢያሳድገው አሁንም 5 ነው። አዳማ ላይ የማራገፊያ ቡድን ተጨምሮ 4 የነበረው 6 ቢሆን ግን ፍሰቱ 7 ይደርሳል፤ ያኔ ቁርጡ ወደ ሙሌቱ ማሽን ይሸሻል፣ አዳማ ላይ ከዚያ በላይ ሰው መቅጠርም ዋጋ ያጣል። ለመኪናና ለሐዲድ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር የጫኝና አውራጅ ክፍያ ኢምንት ነው። ሆኖም በአብዛኛው የበጀት ውይይት ላይ የመጀመሪያው ይነሣል፣ ሁለተኛው አይነሣም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ «ይህን ልምድ ያለው የስምሪት ኃላፊ በዓይኑ ያየዋል፤ ስሌት ለምን?» ይባላል። መረቡ ቀጥ ያለ መስመር ቢሆን ኖሮ ተቃውሞው ያሸንፍ ነበር። ቅርንጫፍ ሲበዛ ግን ዓይን ይስታል። የተሳቢዎቹ አቅም ከ6 ወደ 4 ወርዷል እንበል። ኃላፊው እንደ ልማዱ ትልቁን መጋዘን ያስቀድማል፤ አራቱንም ወደ አዳማ ይልካል፣ አዳማም ይሞላል። ባቡሩ ሁለት ሺህ ቶን ይዞ ሲመጣ የሚያራግፍበት የለም። ኮምቦልቻ ደግሞ አንድ ሺህ ሊቀበል እየቻለ ባዶውን ይውላል፣ ሐዲዱ ወደዚያ አይደርስምና። የዕለቱ ውጤት 4 ነው። ማንም አልተኛም፣ እያንዳንዱ ውሳኔም ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው። የፎርድና የፈልከርሰን ዘዴ በዚህ ጊዜ የሚያደርገው የተመደበውን ወደ ኋላ መቀልበስ ነው፤ ከባቡሩ አንድ ሺህ ቶን አዳማ ይግባ፣ በምትኩ ወደ አዳማ ሊሄዱ ከነበሩት ተሳቢዎች አንድ ሺህ ቶን የጫኑት ሚሌ ላይ ወደ ኮምቦልቻ ይታጠፉ። ውጤቱ 5 ይሆናል፣ አንድ ሊትር ነዳጅ ሳይጨመር። ልምድ ያለው ሰው ስንት ወደፊት መላክ እንዳለበት ያውቃል። የተሰጠ ትእዛዝን መሻር ግን ለሰው ከባድ ነው፤ ለስሌቱ ተራ እርምጃ ነው።

ከዚህ የከበደ ተቃውሞ አለ፤ ስሌቱ አቅምን እንደ ቋሚ ቁጥር ይወስዳል፣ እውነተኛው የመንገድ አቅም ግን ይለዋወጣል። ተቃውሞው ትክክል ነው። የተሳቢ መስመር አቅም የአስፋልቱ ስፋት ሳይሆን የተሽከርካሪ ብዛት በጭነታቸው ተባዝቶ ለደርሶ መልስ በሚፈጀው ቀን ሲካፈል የሚገኘው ነው። 1,200 ተሳቢዎች እያንዳንዳቸው 40 ቶን እየጫኑ በ8 ቀን ደርሰው ቢመለሱ በቀን 6 ሺህ ቶን ያመላልሳሉ። መጋዘን በር ላይ አራት ቀን ቢቆሙ ደርሶ መልሱ 12 ቀን ይሆናል፤ እነዚያው 1,200 መኪናዎች በቀን 4 ሺህ ቶን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ማለትም ታች ያለው ማነቆ ከላዩ ያለውን መስመር እየበላ ነው። በላይኛው ምሳሌ ይህ መጀመሪያ አይታወቅም፤ ባቡሩ 2 እስካመጣ ድረስ ድምሩ 5 ሆኖ ይቀጥላል። ባቡሩ አንድ ሳምንት ቢቆም ግን ልዩነቱ ይወጣል። ተሳቢዎቹ በ6 አቅማቸው ቢሆኑ ኖሮ ብቻቸውን 5ቱን ይሸፍኑ ነበር፤ በ4 አቅማቸው ግን ድምሩ 4 ይሆናል። ተጠባባቂው አቅም በሰልፍ አልቋል። ከዚህ የሚወሰደው ስሌቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ አንዴ ሠርተው በመሳቢያ የሚቆልፉት እንዳልሆነ ነው። የደርሶ መልስ ቀን በተለወጠ ቁጥር መስመሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር መለወጥ አለበት። ይህን የማያደርግ ዕቅድ ክፍል፣ ዘመናዊ ሶፍትዌር ቢገዛም ባይገዛም፣ ካለፈው ዓመት አገር ጋር እየሠራ ነው።

ወጪስ? የከፍተኛ ፍሰት ስሌት ቶንን እንጂ ብርን አያይም፤ በአውሮፕላን የተጫነና በባቡር የተጫነ ኩንታል ለእሱ አንድ ነው። ስለዚህ ብዙ የሎጂስቲክስ ባለሙያዎች በቀጥታ ወደ አነስተኛ ወጪ ፍሰት መሄድን ይመርጣሉ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2021 የኤደልማንን ሽልማት ያሸነፈበት ሥራም የምግቡን ዓይነት፣ የሚገዛበትን ቦታና የሚሄድበትን መንገድ አንድ ላይ የሚመርጥ የዚህ ቤተሰብ ስሌት ነው። ምርጫው የሚነቀፍ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። ሊያልፍ ከሚችለው በላይ የሆነ መጠን ተሰጥቶት በርካሽ አድርስ የተባለ ስሌት «መልስ የለም» ብሎ ይቆማል፤ ለምን እንደሌለ የሚነግረው ቁርጡ ነው። በአደጋ ጊዜ ደግሞ ብር ከቶን በኋላ ይመጣል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ እህል በአሰብና በምጽዋ በኩል እየገባ ከወደብ የሚያነሣው መኪና ሲያጥር፣ ከአውሮፕላን እስከ መጣል የተደረሰው ርካሽ ስለሆነ አልነበረም። አየሩ ማነቆውን ሳይነካ ያልፋል፤ አቅሙ ግን ጥቂት ነው፣ ዋጋውም ከመኪና ጋር አይወዳደርም። እንዲህ ያለ ውሳኔ ልክ መሆኑና አለመሆኑ የሚመዘነው በቅድሚያ የምድሩ መረብ እስከ ስንት ሊሄድ ይችል እንደነበር ሲታወቅ ነው።

የጊዜ ጥያቄ የተለየ ክብደት አለው፣ በተለይ ለማዳበሪያ። ክረምት ቀጠሮ አይለውጥም፤ ከዘር ወቅት በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ ለዚያ ዓመት ሰብል የለም ማለት ነው። ፎርድና ፈልከርሰን ይህን እ.ኤ.አ. በ1958 በሌላ ጽሑፍ መልሰውታል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ 60 ቀን ብቻ ቢኖረን፣ በ4 ቀን የሚያደርስ መንገድ በቀን 3 ሺህ ቶን እያሳለፈ 56 ቀን ያስረክባል፣ 168 ሺህ ቶን። እኩል አቅም ያለው ነገር ግን 20 ቀን የሚወስድ መንገድ 40 ቀን ብቻ ያስረክባል፣ 120 ሺህ ቶን። የጉዞው ርዝመት እንደ ወጪ ይቆጠራል፣ እንዲህ ተቆጥሮም ስሌቱ ወደ ተለመደው አነስተኛ ወጪ ፍሰት ይመለሳል። ከዚህ የሚወጣው መልእክት ለግዥ ክፍሎች የማይመች ነው። የመጨረሻው ቀን የተቆረጠ ስለሆነ ጨረታ በ15 ቀን ሲዘገይ የሚጠፋው ቀን ከጉዞው አይቀነስም፤ መረቡ በሙሉ አቅሙ ሊሠራባቸው ከሚችሉት ቀኖች ይቀነሳል። በቀን 5 ሺህ ቶን በሚያሳልፍ መረብ ላይ ይህ 75 ሺህ ቶን ነው። ያን ጊዜ የሚታየው የመኪና እጥረት ቢሮ ውስጥ የተፈጠረ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከሒሳብ ሊቃውንት የሚመጣ ነው። እስካሁን የተወራው ሁሉ አንድ ዓይነት ዕቃ ላለበት መረብ ነው፤ ብዙ ዓይነት ዕቃ አንድ መስመር ሲሻማ የፍሰትና የቁርጥ እኩልነት በአጠቃላይ ይፈርሳል። ቲ. ሲ. ሁ እ.ኤ.አ. በ1963 አቅጣጫ በሌለው መረብ ላይ ለሁለት ዓይነት ዕቃ እንደሚሠራ አሳይቷል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ዋስትናው የለም። በመስመሮቹ ላይ ሙሉ ቁጥር ከተጻፈ ፍሰቱም ሙሉ ቁጥር ሆኖ ይገኛል፣ መኪና ለሁለት አይከፈልም የሚለው ምቹ ባሕርይም አብሮ ይጠፋል። ለኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ ግን ጉዳዩ ከሚመስለው ያነሰ ነው። ዕቃዎች ሁሉ ከአንድ መነሻ ሲነሡና የሚሻሙት ጠቅላላውን ቶን ብቻ ሲሆን፣ መድረሻውን በዕቃ ዓይነት ለይቶ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ጥያቄው ወደ አንድ ዕቃ ፍሰት ይመለሳል። ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ወዲህ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ የዞረችው አገር ከገቢና ወጪ ንግዷ ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ የሚሆነውን በአንድ ወደብ ስለምታስተናግድ ይህ ሁኔታ ከሞላ ጎደል አለላት። ለሒሳቡ ያመቸው ነገር ለአገር ደኅንነት ያልተመቸ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ስንዴ የሙሌት ማሽን፣ ኮንቴይነር ክሬን ሲፈልጉ ማቃለያው ይላላል፤ ሆኖም ተራራ የሚያክል ጉዳይ አይደለም። ችግሩ እውነተኛ የሚሆነው ሁለት ጭነቶች በአንድ ወር ሲመጡ ነው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ሲፈልግ የእርዳታው ስንዴና የመኸሩ ማዳበሪያ ጅቡቲ ላይ ተገናኙ፤ መርከቦች ተራ ጠበቁ፣ ለመዘግየታቸው የሚከፈለው ቅጣት (ዲመሬጅ) ተቆጠረ። ያኔ የትኛው ይቅደም ለሚለው ስሌቱ መልስ የለውም። መኖርም የለበትም። ከተራበ ሰውና ከሚቀጥለው ዓመት ሰብል የቱ እንደሚቀድም መወሰን የመንግሥት ሥራ ነው፤ ስሌቱ የሚችለው አንዱን በአንድ ቶን ማስቀደም ሌላውን በስንት እንደሚያዘገይ መናገር ነው።

«መረጃ የለንም» የሚለው ተቃውሞ ብዙ ጊዜ ይሰማል። በከፊል ሰበብ ነው። መረቡን ሁሉ በትክክል መለካት አያስፈልግም፤ ከላይ ባለው ምሳሌ የገላፊ መንገድ አቅም 6 ሳይሆን 5 ተኩል ቢሆን፣ የመርከቡ ማራገፊያም 10 ሳይሆን 9 ቢሆን መልሱ አይለወጥም። ትክክለኛ መሆን ያለባቸው ቁርጡ ላይ ያሉትና ለቁርጡ የቀረቡት ናቸው። በግምት ጀምሮ ቁርጡን ማግኘት፣ እነዚያን ሁለት ሦስት ቦታዎች ሄዶ መለካት፣ ቁርጡ ከተለወጠ እንደገና መለካት ነው። አንድ መጋዘን በቀን ስንት ጆንያ እንደሚያራግፍ ለማወቅ ጥናት ማስጠናት አያሻም፤ የዘብ ቤቱ የመኪና መግቢያ መዝገብና የንብረት ክፍሉ የገቢ ደረሰኝ ይበቃሉ። ችግሩ እነዚህ ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ አለመገናኘታቸው ነው፤ ወደቡ የአንድ መሥሪያ ቤት፣ ባቡሩ የሌላ፣ ተሳቢው የማኅበራት፣ መጋዘኑ የዩኒየኑ ነው። ሁሉም የየራሱን ክፍል አፈጻጸም በመቶኛ ያቀርባል። የመቶኛዎች አማካይ ግን ቁርጥን አያሳይም።

ከሁሉም የጠለቀውን ተቃውሞ ያነሣው ኢኮኖሚስት ነው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረሃብ ጥናቱ ስለ 1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሲጽፍ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም ከፍ እንዳላለ፣ ከወሎም ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ እንደነበር ያነሣል። ለእሱ ችግሩ የመንገድ አልነበረም፤ ገበሬው ሰብሉን ሲያጣ የመግዣ አቅሙንም አጣ፣ እህልም ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። ድምዳሜውን የተቹ ተመራማሪዎች አሉ፣ የገበያዎቹ ትስስር እሱ ከገመተው ደካማ ነበር የሚሉ። ክርክሩ ሳይቋጭም ለእኛ ጥያቄ የሚሰጠው ትምህርት አለ። የፍሰት ስሌት መድረሻው ላይ ያለውን ፍላጎት ራሱ አያገኘውም፤ ሠሪው ይጽፍለታል። የወሎን ገበሬ ማንም መድረሻ አድርጎ ካልጻፈው ስሌቱ አያስታውሰውም። ነገር ግን ይህ ስሌቱን የሚያፈርስ ሳይሆን ቦታውን የሚያሳይ ነው። መረቡ በቀን 5 ማሳለፍ እየቻለ 1 ብቻ እያለፈ ከሆነ፣ ጥያቄው ከመንገድ ወጥቶ ወደ ገቢ፣ ወደ ዋጋ ወይም ወደ ውሳኔ መሄድ እንዳለበት ያረጋገጠው ራሱ ስሌቱ ነው። የሴንን ሐሳብ ከልቡ የሚቀበል ሰው «መንገድ ስለሌለ ነው» የሚለውን ሰበብ በቁጥር ውድቅ ማድረጊያ ያገኛል። የጎደለው ቶን የማነቆ ነው ወይስ የፈቃድ የሚለውን ለመለየት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ቁርጡን በይፋ ማስቀመጥ ለጠላት ካርታ መስጠት ነው የሚሉም አሉ፤ የሃሪስና የሮስ ሪፖርትም ለዓመታት በምስጢር ተይዞ ነበር። በእኛም አገር በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወቅት ሚሌ ለምን የውጊያ ዓላማ እንደሆነች ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ነገሩ እንዲያውም ክርክሩን ያዳክመዋል፤ የታጠቀ ኃይል ዋናውን መገንጠያ ያለ ስሌት ያውቀዋል። ምስጢሩ የሚጎዳው ተጠባባቂ መንገድ ማዘጋጀት የነበረበትን ሲቪል መሥሪያ ቤት ነው። ድልድይና መገንጠያ በዝርዝር ማተም ካስፈራ መጋዘን ላይ ያለውን የማራገፊያ አቅም ማተም ማንንም አያስፈራም።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና ጅቡቲ የባቡር መስመር ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ አለው። በዚህ መስመር ላይ የሚወራው ክርክር በአብዛኛው ስለ ብድሩና ስለ ሎኮሞቲቩ ነው፤ ከጣቢያው እስከ መጋዘን ያለው የመጨረሻ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ጭነቱ ከፉርጎ ወርዶ መኪና ላይ የሚወጣበት ቦታ፣ እምብዛም አይነሣም። በመረብ ዓይን ሐዲዱና ይህ ማራገፊያ እኩል ናቸው፤ ፍሰቱ ከሁለቱ ያነሰውን ይከተላል። ስለዚህ ማዳበሪያና እርዳታ እህል ለሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች የሚቀርበው ጥያቄ ውድ አይደለም። ለሚቀጥለው የመኸር ወቅት የመኪና፣ የሐዲድ ወይም የማሽን በጀት የሚጠይቅ ሁሉ ከጥያቄው ጋር አንድ ገጽ ያያይዝ፤ መረቡ፣ የየመስመሩ አቅም፣ ቁርጡ፣ የተጠየቀው ወጪም ቁርጡን በስንት ቶን እንደሚያሰፋው ይጻፍበት። ወጪው ቁርጡ ላይ ካልወደቀ በጀቱ አይፈቀድ።